ምዕራፍ ስድስት፦ ከቆጠራ የጎደለው በሽተኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሲያዘቀዝቅ የሚቀበለው የሱሉልታ ሜዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ውርጩ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩን የሚያነጣ፣ ከጥንት ጀምሮ በድርቆሹና በወተቱ የታወቀ የኦሮሞ ገበሬዎች አገር ነው። ዛሬ ግን ያ ሜዳ በአጥርና በቆርቆሮ ጣሪያ ተከፋፍሎ ውሃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች፣ የግንባታ ዕቃ የሚያመርቱ ድርጅቶችና መጋዘኖች ተተክለውበታል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ በደርባ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካም ምርቱን በዚሁ ጎዳና ወደ ዋና ከተማው ያወርዳል። በምዕራብ ያለችው ቡራዩና በደቡብ ምዕራብ ያለችው ሰበታም ከዚህ የራቀ ታሪክ የላቸውም፤ ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ የሚጠመቅባት፣ የአበባ እርሻዎች በላስቲክ ቤት ተሰልፈው የሚታዩባት፣ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚነሣባት ከተማ ናት። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በተባለ አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል።

ወደነዚህ ከተሞች የሚመጣው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሰላሌ፣ ከወለጋ፣ አልፎም ከወላይታና ከከምባታ፣ ወይ ዘመድ ጠርቶት ወይ ደላላ አምጥቶት፣ ትምህርቱን በመካከል አቋርጦ፣ የዓመት ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። ስለ ደመወዙና ስለ ቤት ኪራዩ በሌላ ስፍራ ብዙ ተብሏል፤ በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው ግን አእምሮውን ነው። ሰው እንጀራ ፍለጋ ከተወለደበት ቀዬ ሲለይ አእምሮው ይታወካልን? ወይስ ቀዬውን ትቶ የሚሰደደው አስቀድሞ መንፈሱ ያልረጋ ሰው ነው? ወይስ ሕመሙ በደረሰበት ስፍራ ቆይቶ የሚጠብቀው የኑሮ ውጤት ነው? ጥያቄው ለእኛ አዲስ ይምሰል እንጂ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ከተነሣ ወደ አንድ መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ኦርኑልቭ ኦደጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሐኪም፣ ወደ አሜሪካ ተሰድደው በሚኒሶታ የሰፈሩትን ኖርዌያውያን በእናት ምድራቸው ከቀሩት ወገኖቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም በስደተኞቹ ላይ በርክቶ መገኘቱን ጻፈ፤ ፍቺውም ሕመሙ በውስጡ የተጸነሰበት ሰው ከማኅበሩ ጋር ተስማምቶ መኖር ስለሚያቅተው ቀድሞ የሚሰደደው እርሱ ነው የሚል ነበረ። ከ7 ዓመት በኋላ ፋሪስና ደንሃም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ይህንኑ በሽታ በቺካጎ ከተማ ካርታ ላይ ሰፈር በሰፈር አስፍረው፣ ሰው በሚፈልስበትና ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት በመሐል ከተማው የድኾች መንደር መብዛቱን ስላዩ፣ ጥፋቱን ከሰውየው አንሥተው በሰፈሩ ብቸኝነት ላይ ጣሉት። ክርክሩ በዚህ መልክ ለብዙ ዘመን ሲሄድ ሲመለስ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ካንቶር-ግሮ እና ሴልተን የተባሉ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡትን ጥናቶች በአንድነት ቢመዝኑ፣ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድል በስደተኛው ላይ 2.7 እጥፍ፣ በባዕድ አገር በተወለደው ልጁ ላይ ደግሞ 4.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከየትም አገር አልወጣም፤ ስለዚህ ሕመም ነው የሚያሰድደው የሚለው የኦደጎርድ ፍቺ ስለ እርሱ አንዳች ሊነግረን አይችልም፤ ሰው በሚኖርበት ማኅበር መካከል ባይተዋር ሆኖ መታየቱ፣ መናቁና መገፋቱ ራሱ አእምሮን የሚጎዳ ነገር መሆኑን ብዙዎቹ የዘመናችን ተመራማሪዎች የተቀበሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ግን በአብዛኛው ባሕር ስለ ተሻገረ ሰው የተነገረ ነው። በገዛ አገሩ፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ ከገጠር ወደ ፋብሪካ ስለሚፈልሰው ሠራተኛ ለማወቅ የሚሻ ሰው ፊቱን ወደ ቻይና ማቅናት ግድ ይሆንበታል፤ በዓለም ታሪክ ከታዩት የሕዝብ ፍልሰቶች ሁሉ የሚበልጠው በዚያ የተደረገ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የፈላሽ ሠራተኞቹ ቁጥር ከ290 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የነዋሪነት መዝገብ ሕግ እያንዳንዱን ቻይናዊ ከቤተ ሰቡ ስፍራ ጋር ስለሚያስረው፣ የገበሬው ልጅ በከተማ 20 ዓመት ቢሠራ እንኳ መዝገቡ በገጠር ቀርቶ፣ ሕክምናውም የልጁም ትምህርት ከከተሜው እኩል ሳይሆንለት ይኖራል። በሼንጄን ከተማ በሚገኘው በፎክስኮን የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ10 በላይ ወጣት ሠራተኞች በጥቂት ወራት ውስጥ ተከታትለው የገዛ ሕይወታቸውን ባጠፉ ጊዜ ዓለም ደነገጠ፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ ሰው አስተሳሰብ የቻይና ፈላሽ ሠራተኛ ሁሉ በድባቴ የተዋጠ፣ ተስፋው የጨለመ ሰው ሆኖ ተሣለ።

ተመራማሪዎቹ ያገኙት ግን ከዚህ ሥዕል ጋር ሳይስማማ ቀረ። በምሥራቅ ቻይና በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ፈላሽ ሠራተኞችን ከከተማው ነባር ነዋሪዎችና በገጠር ከቀሩት ገበሬዎች ጋር ያስተያየው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት፣ የፈላሾቹ የአእምሮ ጤንነት ከሁለቱ ወገኖች የባሰ ሆኖ አላገኘውም፤ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በሌላ መጠይቅ ለክተው የጭንቀትና የድባቴ ምልክት በፈላሾቹ ላይ ከመደበኛው ሕዝብ በልጦ አገኙት። አንባቢው ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እኔ ግን ሁለቱም ያዩትን እንደ ጻፉ አምናለሁ፤ ልዩነቱ የሚፈታው ተመራማሪው የቆመበትን ስፍራ ስናስተውል ነውና። ከገጠር የሚነሣው ጉልበት ያለው፣ ደፋርና ጤነኛ የሆነው ልጅ ነው፤ ደካማው ከቤት ይቀራል። በከተማ ሥራ ላይ ሳለ ጽኑ ሕመም የሚያገኘው ደግሞ ማደሪያውን ትቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዲህ በፋብሪካው ደጃፍ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው ሁለት ጊዜ የተጣራውን ወገን ብቻ ሲሆን፣ የታመመው ቁጥር ግን ሳይታወቅ በወላጆቹ ቤት ተኝቶ ይቀራል።

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚሆን ለማየት በሱሉልታ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ካሉት የኪራይ ቤቶች አንዱን መመልከት ይበቃል። ቤቱ በጭቃ የተመረገ፣ ግድግዳው ብርድ እንዳያስገባ በካርቶንና በጋዜጣ የተለጠፈ አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ ሁለት ፍራሽ ተዘርግቶ አራት ልጆች ይኖሩበታል፤ ሁለቱ ለሌሊት ፈረቃ ሲወጡ ሁለቱ ከቀን ፈረቃ ይገባሉ፣ ስለዚህም ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ባለ ተራው ይተኛበታል። ከበሩ ኋላ ቢጫ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃና አንድ ድስት አለ፤ ከምስማሩ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ወይም የመስጊድ ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በወር መጨረሻ ከደመወዙ ላይ በቴሌብር ለእናት የሚላክ ገንዘብ ይቀነሳል፣ ባይላክም እናቲቱ «ሥራው ጠፋ እንዴ?» ብላ እንዳትጨነቅ ሲባል ከጓደኛ ተበድሮ ይላካል። ከአራቱ አንዱ እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣ ሌሊት ብቻውን ሲያወራ፣ ጓደኞቹ የሚያሴሩበት መስሎት ከእነርሱ ጋር መብላት ሲተው፣ በመጨረሻም ከፈረቃው ሲቀር፣ ልጆቹ አስቀድመው ቡዳ ነው ወይም መጋኛ መቶት ነው ይላሉ፤ ቀጥለውም ብር አዋጥተው፣ ከመካከላቸው አንዱ የአንድ ቀን ሥራውን ትቶ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይዞት ሄዶ «አገሩ ይግባ» ብለው ይሸኙታል። ከወንድሞቹ የማይተናነስ ደግነት አድርገውለታል፤ በማግስቱ ግን በፍራሹ ላይ ሌላ ልጅ ይገባል፣ በፋብሪካውም መዝገብ ላይ በስሙ ትይዩ «ሥራ ለቋል» ተብሎ ይጻፋል።

ያ «ሥራ ለቋል» የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ለማሰብ አንድ በአገራችን የተደረገ ጥናት እጠቅሳለሁ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎችን በዕጣ ለይተው፣ አንዱን ወገን በፋብሪካው እንዲቀጠር፣ ሌላውን በተሰጠው ገንዘብና ሥልጠና የራሱን ሥራ እንዲጀምር፣ ሦስተኛውን እንደ ነበረ እንዲቆይ አድርገው ተከታተሏቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ከተቀጠሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ሥራቸውን ትተው ሄዱ፤ የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ከሌሎቹ የተሻለ ገቢ አላገኙም፣ ከባድ የጤና እክል ግን ከሌሎቹ ይልቅ በረከተባቸው። ከሚለቁት አብዛኞቹ የተሻለ ፈልገው የሚሄዱ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ከአራት ሦስቱ በሚለቅበት ቤት በአእምሮ ሕመም ምክንያት የለቀቀው አንዱ ማን ይለየዋል? አሠሪው ምክንያቱን አይጠይቅ፣ ልጁም አይናገር፣ ጓደኞቹም ለክብሩ ሲሉ ይሸፍኑለታል።

ወደ ፋብሪካው ገብቶ የቀሩትን ለመጠየቅ ያሰበ ተመራማሪም ቢሆን ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ ራስህን ያምሃል ወይ፣ የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል ወይ፣ እንቅልፍህ መጥፎ ነው ወይ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ ሁልጊዜ ይደክምሃል ወይ፣ ሆድህ ይረበሻል ወይ እያለ ይጠይቃል፤ ስለ ኀዘን፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብም ያነሣል። ጥያቄዎቹ በጥበብ የተመረጡ ናቸው፣ ያበሻ ሰው ኀዘኑን በራስ ምታትና በሆድ ቃጠሎ እንደሚናገር አውቀው ያዘጋጇቸው ይመስላሉ። ነገር ግን ከሌሊት ፈረቃ የወጣችን፣ 12 ሰዓት ቆማ ያደረችን፣ ሽሮዋን ከትናንት ወዲያ የበላችን ልጅ «ይደክምሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስተምራል? «አዎን» ትላለች፣ መልሷም ከድባቴ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ይደመራል። በሌላ በኩል አጠገቧ ተቆጣጣሪው ሲያልፍ እያየች ስለ ሕይወት ማጥፋት ሐሳብ ብትጠየቅ፣ እውነት ቢሆን እንኳ «እግዚአብሔር ይጠብቀኝ» ከማለት በቀር ሌላ አትመልስም። እንዲህ ሆኖ የሥጋ ድካሟ ሕመም ተብሎ ሲቆጠር ጥልቅ የሆነው የልቧ ሕመም ሳይቆጠር ያልፋል፤ በፋብሪካ ቅጥር ውስጥ የሚደረግ ጥናት ሁሉ ይህን አደጋ ተሸክሞ የሚሄድ መሆኑን አንባቢ እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ።

በዚህ ረገድ አገራችን ለዓለም የምታሳየው አንድ ታላቅ ሥራ አላት፤ እርሱም በጉራጌ አገር በቡታጅራ የተደረገው ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በዚያ ወረዳ በ10,468 አዋቂዎች ላይ ባለ 20 ጥያቄውን መጠይቅ አስጠይቀው 17.4 ከመቶው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳላቸው ካሳዩ በኋላ፣ እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ደረጀ ከበደ፣ ተሾመ ሽብሬና አበባው ፈቃዱ ሆነው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መረመሩ። ቤት ለቤት መሄዳቸው ብቻ አልበቃቸውም፤ በየቀበሌው ነገር አዋቂ የሆኑትን ሰዎች ይዘው፣ በዚህ መንደር ብቻውን የሚያወራ፣ ራቁቱን የሚሄድ፣ በቤት የታሰረ ሰው አለ ወይ እያሉ ጠየቁ፤ ቆጣሪው በበሩ ሲያልፍ የተሸሸገበትን በሽተኛ ጎረቤቱ አሳወቀ። እንዲህ ከተገኙት መካከል ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትለው ሲታዩ 121 ሞተው ተገኙ፤ ከሞታቸውም ምክንያት ግንባር ቀደሙ ተላላፊ በሽታ ነበረ፤ ዕድሜያቸውም ከሌላው ሰው ወደ 30 በሚጠጉ ዓመታት ያጠረ ሆነ። የአእምሮ ሕመም ሰው አይገድልም የሚለውን ተራ አነጋገር እነዚህ ቁጥሮች ያፈርሱታል፤ የሚገድለው መተዉ፣ መራቡ፣ ሲያተኩሰው የሚያሳክመው ማጣቱ ነው።

የቡታጅራው ቆጠራ ሰው በተወለደበት አገር የተደረገ ነው፤ ስለ ፈላሹ ሠራተኛ የተሻለ የምናውቀው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ወደ ሱሉልታ ስለ መጣው ሳይሆን ወደ ዐረብ አገር ስለ ሄደችው እኅቱ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዐረብ አገሯ ተመላሽ በአንድ በር፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስለምትገባ ትታያለች። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ በዓይን የታዩት በመንፈስ የታወኩ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹን አጋር የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቀብሎ አስጠለለ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፕሮፌሰር አታላይና ዶክተር ሻርሎት ሃንለን የተካፈሉበት አንድ ጥናት በመካከለኛው ምሥራቅ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ሴቶችን ቃል አዳምጦ፣ አእምሮን የጎዱትን ነገሮች ከራሳቸው አንደበት ለይቶ ነበር፤ የአሠሪ ግፍ፣ ከወገን ተለይቶ በቤት መዘጋት፣ የገዛ ሃይማኖትንና ባህልን እንዲተዉ መገደድ፣ በመጨረሻም ለቤተ ሰብ ያሰቡትን ሳያደርሱ ባዶ እጅ መቅረት። ከሕመም የጠበቋቸው ደግሞ ማንነታቸውን አጽንተው መያዛቸውና ከአገራቸው ልጆች ጋር መገናኘታቸው መሆኑን ሴቶቹ ተናገሩ። ካሳሁን ሀብታሙ፣ አበባው ምናዬና ዋጋነሽ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ 1,036 ሰዎች ተጠይቀው 27.6 ከመቶ የሚሆኑት የተለመዱት የአእምሮ መታወክ ዓይነቶች ተገኙባቸው። ከሱሉልታ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የሚመለሰው ልጅ ግን የሚጠብቀው በር የለውም፤ የሕዝብ ማመላለሻ ትኬት ቆርጦ ከሌላው መንገደኛ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል።

ወደ አገሩም የማይመለስ አለ። ለእናቱ «ደህና ነኝ» ሲል የከረመ ልጅ በዚያ ሁኔታው ለመታየት አፍሮ፣ ወይም መንገዱን ስቶ፣ ወይም የሚሸኘው ጓደኛ አጥቶ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይቀራል። አበባው ፈቃዱ፣ ሃንለንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ 217 አዋቂዎችን ቢመረምሩ፣ ከ10 ዘጠኙ የአእምሮ መታወክ ወይም የመጠጥ ችግር ሲኖርባቸው፣ 41 ከመቶው ጽኑ የሆነ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም የያዛቸው ነበሩ። ከእነርሱ ስንቱ በአንድ ወቅት የቀን ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የግንባታ ረዳት እንደ ነበረ ማንም ቁጭ ብሎ ቢጠይቅ ይሰማል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ምድር ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የኖረው የአማኑኤል ሆስፒታል፣ በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ማገገሚያም፣ የሚጠይቃቸው ዘመድ ያጡ ሰዎችን ሲያኖሩ ከርመዋል። በዚሁ በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና የሚያነሣ አንድ ማኅበር ስሙን ጌርጌሴኖን ብሎ ሰይሟል፤ ይኸውም ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 5 በመቃብር ስፍራ ይኖር ስለ ነበረው፣ በሰንሰለት ሊያስሩት ስላቃታቸው ሰው የተረከበት አገር ስም ነው። ከዚያ ታሪክ ምእመናን ዘወትር የሚያስታውሱት አጋንንቱ ወደ እሪያዎቹ መግባታቸውን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መጨረሻው ነው፤ ሰውየው ከተፈወሰ በኋላ ጌታን ለመከተል ቢለምን አልተፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ እንዲሄድ ታዘዘ። ይህም የሕክምና መጻሕፍት ዛሬ፣ የሰው ፈውስ የሚጸናው ባወቁት ሰዎች መካከል ሲኖር ነው ከሚሉት ጋር ይስማማል።

ባወቁት ሰዎች መካከል መኖር ማለት በእኛ አገር ዘይቤ እድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበርና ሰንበቴ ማለት ነው። በሱሉልታ በኪራይ ቤት የሚኖር የ20 ዓመት ወጣት በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የለም፤ እድር የቤት ባለቤትን ይመዘግባል፣ ሰንበቴ የአጥቢያውን ሰው ይሰበስባል፣ እርሱ ግን በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ነው፤ ቢሞት ሬሳው ወደ አገሩ ይጫናል፣ ቢታመምም እንዲሁ። በነባሩ ገበሬ ላይ የደረሰውም ቢሆን ከዚህ ጋር ሊታሰብ ይገባዋል፤ የእርሻ መሬቱ ለፋብሪካ ወይም ለቤት መሥሪያ ተወስዶበት፣ የተቀበለው ካሣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አልቆበት፣ አባቱ ባረሰበት መሬት ላይ በተሠራ ግቢ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ከቀዬው ሳይነሣ የተሰደደ ምጻተኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በእነዚህ ከተሞች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ብዙ መኖሪያ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከቤቱ ጋር ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ጋር እድሩ ተበተነ፤ የሰው ጤና ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ከበሽታ ምክንያቶች ሳይቆጥር ማለፍ የለበትም።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ ከሱሉልታ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አጤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 የነገሡበትን የእንጦጦ ማርያምን ተራራ ያያል፤ በዚያ ጸበል ከየአገሩ የመጡ ሕሙማን በአቅራቢያው ጎጆ ተከራይተው ለሳምንታትና ለወራት ይጠመቃሉ። ብዙ ሐኪሞች ቀደም ሲል ጸበልን እንደ ባላጋራ ያዩት ነበር፤ ካህናቱም መድኃኒት መውሰድን የእምነት ጉድለት አድርገው የሚያስቡበት ጊዜ ነበረ። ዶክተር ዮናስ ባሕረ ጥበብና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት ግን የጸበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች በአንድነት የሠሩበትን ሁኔታ ገልጾ፣ በሽተኛው እምነቱን ሳይተው መድኃኒቱን ሊወስድ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ለፈላሹ ሠራተኛ ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ከአገሩ ርቆ ሳለ የሚያውቀው የፈውስ ስፍራ ጸበሉ ብቻ ነውና።

መድኃኒቱ ደግሞ ውድ ወይም ብርቅ አይደለም። ለጽኑ ሕመም የሚሰጡት ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ከ60 ዓመት በላይ የታወቁ እንክብሎች ናቸው፤ ክኒን መዋጥ ለሚረሳ በየወሩ የሚወጋ መርፌም አለ። እነዚህን ለመስጠት ልዩ ሐኪም እንደማያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው፣ በዚያው በጉራጌ አገር በተደረገው ጥናት ተረጋግጧል፤ ሥልጠና ያገኙ የተራ ጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሰጡት ሕክምና የአእምሮ ነርሶች ከሰጡት ያላነሰ ውጤት አምጥቷል። ችግሩ መርፌው በአንድ ስፍራ፣ በሽተኛው በሌላ ስፍራ መሆናቸው ነው። በሱሉልታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ በሁለተኛው ወር ጎጃም ሲገባ ካርዱ በሱሉልታ ቀርቷል፤ እዚያ ያለው ነርስ ምን እንደ ተሰጠው፣ በምን ያህል መጠን፣ መቼ የመጨረሻውን መርፌ እንደ ተወጋ አያውቅም፤ በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ የሚጻፉ አራት መስመሮች ጠፍተው ሕክምናው ከመጀመሪያው ይጀምራል ወይም ጨርሶ ይቋረጣል።

ስለዚህ ጥናቱ ከሌላው ጫፍ እንዲጀመር እመኛለሁ። ተመራማሪው በፋብሪካው በር ከሚቆም ይልቅ በጎጃም፣ በሰላሌና በወሎ ጥቂት ቀበሌዎችን መርጦ፣ የቡታጅራዎቹ እንዳደረጉት ቤት ለቤት እየገባ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ከዚህ ቤት ለሥራ የወጣ ማን ነው፣ አሁን የት ነው፣ ከተመለሰስ በምን ሁኔታ ተመለሰ ብሎ ይጠይቅ፤ ቄሱን፣ ሼኩን፣ የእድሩን ዳኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክር። በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ያሉ ድርጅቶችም የለቀቀውን ሠራተኛ ሲመዘግቡ ምክንያቱን የሚጽፉበት አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ የጤና ጣቢያው ካርድ ላይም ከስሙና ከዕድሜው ቀጥሎ የመጣበት ወረዳና የቤተ ሰቡ ስልክ ይጻፍ፤ መርፌው ባለቀ ጊዜ ነርሷ ደውላ የምትጠይቀው ሰው እንዲኖራት።